በበዓለ ሃምሳ የጾመው ዲያቆን

ሀሚዱ የመጀመሪያውን ዱላ ትከሻው ላይ ነው ያሳረፈበት፤ ሁለተኛው ግን ግንባሩን ፈለጠው። ዲያቆን ሽታው ከሂንድ ዓሣ ቤት ደጃፍ፣ ከባጃጆቹ መቆሚያ ፊት ለፊት በጉልበቱ ወደቀና ነጭ ነጠላው ባንድ አፍታ ደም ለበሰ። አልሸሸም። ለመከላከል እንኳ እጁን አላነሳም። ሀሚዱን የባሰ ያሳበደውም ይኼው ነው።

«ተነስ! እንደ ወንድ ተነስና ምታኝ!» ሀሚዱ እየመታ ያለቅስ ነበር። «አብሬህ መቃብር ቆፍሬያለሁ! ወንድሜ ብዬሃለሁ! ተነስ አንተ የገዳይ ዘር!»

የሐይቅ ከተማ ሰው መቼም ጠብ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ፤ ቲማቲም ሻጯ ዘንቢሏን ጥላ ጮኸች፤ ከወዲህ «ኧረ በአላህ!» ከወዲያ «ኧረ በማርያም!» ሆነ። ግን ሽመል ጨብጦ፣ ደም ባይኑ የሞላ ሰው ፊት ማን ደፍሮ ይገባል? ሁሉም ከሩቅ ይገላግላል።

ሂንድ ጓዳ ውስጥ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። ጩኸቱን ሰምታ ቢላዋውን እንደያዘች ወጣች። መጀመሪያ ያየችው ደሙን ነው፤ ቀጥሎ ደሙ የማን እንደሆነ።

«ሀሚዱ! አብደሃል እንዴ? ምን አደረገህ?»

«እሱን ጠይቂው! ማን እንደሆነ ጠይቂው!» አለ ወንድሟ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ከአምባሰል ማር ይዞ የመጣ ነጋዴ አሁን እዚሁ መንገድ ላይ፣ እኔ ፊት አቅፎ ሳመው። ‹የአምሳሉ ወንድም፣ እናትህ ደህና ናት?› አለው። ሰማሽኝ? የአምሳሉ ወንድም! የአያ ኑርዬን ራስ በመቅዘፊያ የፈለጠው የአምሳሉ!»

ሂንድ ወደ ሽታው ዞረች። ውሸት ነው በል እያለች በዓይኗ ለመነችው። ሌላ ጊዜ ከሩቅ ስታየው የሚሰበረው ያ ዓይን ዛሬ ቀጥ ብሎ አያት፤ ደሙን ከቅንድቡ ጠረገና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ሽመሉ እንደገና ሲነሳ ሂንድ ሽታውን በነጠላው አንቃ ወደ ውስጥ ጎተተችው፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረችው። «ጎሽ የኔ እናት! አዳነችው!» ያሉ ነበሩ። አላወቋትም። ኑርዬ እኮ የሷም ወንድም ነው፤ ቢላዋውም ገና እጇ ላይ ነበር። ልቧ በንዴት ይሁን በፍቅር እንደዚያ የሚደልቀው፣ እሷም አልለየችውም።

*

ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ላስረዳ።

ኑርዬ ለሂንድና ለሀሚዱ ታላቅ ወንድማቸው ነበር። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያን ቤት ያቆመው እሱ ነው፤ ከሐይቁ በሚያወጣው ዓሣ። ሂንድ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ሳለች፣ አምሳሉ የሚባል ጎረምሳ ከአምባሰል ለሥራ ወርዶ ከኑርዬ ጋር በመረብ ተጣላ። መረቤን ቆረጥክ፣ አልቆረጥኩም ተባባሉ። ስድቡ ወደ እናት ዞረ፤ አምሳሉም መቅዘፊያውን አነሳ። ኑርዬ በገዛ ጀልባው ላይ ሞተ። ሂንድ መርዶዋን በስልክ ሰማች፤ አልቅሳ እንኳ ሳይወጣላት የማዳሟ ልጆች ምሳ አምጪ አሏት።

ፍርድ ቤቱ አምሳሉን ወህኒ አወረደው። ይሁንና በኛ አገር መንግሥት ያሰረው ሌላ፣ ደም ሌላ። ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ካልገባበት ደግሞ በደም። ያ ዕዳ ሀሚዱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ደም የተቃቡ ሰዎች አንድ ማዕድ አይቀርቡም፤ አንዱ ከሌላው ቤት ውሃ እንኳ አይጎነጭም። ሳያውቅ ያበላ ሰው ተሞኘ ተብሎ መሳቂያ ይሆናል። አውቆ፣ በሰው ፊት፣ በቀኝ እጁ ያጎረሰ ግን ደሙን ምሯል፤ ከዚያ ወዲያ ዱላ የሚያነሳ የዚያ ቤት ሰው ነውረኛ ይባላል።

በዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሽታው የመጣው። አዲስ አበባ ያለ የመንፈሳዊ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። መምህሮቻቸው «ስብከቱ ይቆያችሁ፤ ሂዱና ከሰው ጋር ኑሩ፤ የታመመ ጠይቁ፣ የሞተ ቅበሩ» ብለው ለተግባር አገልግሎት በዕጣ በየአገሩ በተኗቸው። ለሽታው ሐይቅ ወጣለት፤ የተመደበውም ለከተማው ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬያችን ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም፤ ሸሁ ሲሞቱ የቄሱ ልጅ ይቆፍራል፣ ቄሱ ሲሞቱ የሸሁ ልጅ ይቆፍራል።

የቅሬው ዳኛ ሸህ አብዱልሃሚድ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «እስቲ መጽሐፉን አስቀምጥና ይኼን ያዝ» ብለው አካፋ ሰጡት። መዳፉ በአንድ ቀን ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ። አብሮት የቆፈረው ሀሚዱ ነው፤ ስቆበት ስቆበት ሲያበቃ አካፋ አያያዝ አስተማረው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አይለያዩም ነበር። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ አሮጊት ማገላበጥ ቢሆን፣ ሐዘንተኛ ቤት ውሃ መቅዳት ቢሆን፣ ድንኳን መትከል ቢሆን፣ «ሀሚዱና ዲያቆኑ የት አሉ?» ነው የሚባለው።

ሲደክማቸው ማረፊያቸው ሂንድ ከጅዳ ተመልሳ የከፈተችው ዓሣ ቤት ነው። ነገሩም እዚያ ጀመረ።

ሥጋ መቼም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ አይበላም፤ የየራሱ ባራኪ አለው። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም። የሂንድ ቤት የሁለቱም ቤት የሆነው በዚህ ነው፤ ቄሱም ሸሁም አንድ ትሪ ላይ እጃቸውን ይሰዳሉ። ሽታው ብቻ አይበላም። «ጾም ላይ ነኝ» ይላል። ውሃ እንኳ ሲሰጡት ያመሰግንና ከቦርሳው የራሱን ጠርሙስ አውጥቶ ይጠጣል።

ሂንድ እንደ ማንኛዋም የወሎ ልጅ የጎረቤቶቿን ጾምና በዓል እንደራሷ ታውቃለች። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ምን የሚሉት ጾም ነው? ከእስላም እጅ መብላት ተጸይፎ ነው ብላ ደመደመች፤ ይኼም አንጀቷን አቃጠላት። ከማንም ያልጠበቀችውን ነገር ከሱ ለምን እንደጠበቀች ግን ራሷን አልጠየቀችም።

አንድ ቀን የቆሰለ መዳፉን አይታ ከጅዳ ያመጣችውን ቅባት ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ወሰደ።

«አንተ ሰው፣ ጉድ እኮ ነህ! ውሃዬን ትገፋለህ፣ ቅባቴን ትወስዳለህ!»

«ቅባት አይበላማ» አለና ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ዓይኑ እሷ ላይ ቀረ፤ መመለስም አቃተው። ሂንድ ያን ቀን ሁለት ደንበኞች የተጠበሰ ሲያዝዙ ቀቅላ ሰጠች።

እንዲህ ነው የተዋደዱት፤ ሳይነጋገሩ። በመሃላቸው ያለው ገደል ሃይማኖት ይመስላት ነበር። እሱ ነገ ቄስ የሚሆን ዲያቆን፣ እሷ የሙስሊም ልጅ። ያ ራሱ እንቅልፍ ነስቷታል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ከሴቶቹ ጋር ርቃ ተቀምጣ፣ ሽታው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አፈር ሲያወጣ ዓይኗ አብሮት ሲወጣና ሲወርድ እናቷ ሀጀራ በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ልጄ፣ ዓይንሽን ከጉድጓዱ አንሺ» አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

የዚያኑ ዕለት ቆፋሪዎቹ ሊበሉ ዓሣ ቤቱ ገቡ። ትሪው ሲቀርብ ሽታው እንደ ልማዱ ፈንጠር ብሎ ተቀመጠ። ሂንድ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አንተ ዲያቆን! በበዓለ ሃምሳ ምን ጾም አለ? ወይስ እጄ ነው የቀፈፈህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ተያዝክ! ዛሬስ ተያዝክ!» እያለ ሀሚዱ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሂንድ ከቆሮሶው ምርጡን ብልት አጥንቱን ለቅማ፣ በእንጀራ ጠቅልላ፣ አዋዜ አስነክታ አፉ ድረስ አቀረበችለት። ሰው ሁሉ ያያል። እጇ አየር ላይ ቆየ፤ እየቆየ ሲሄድ ሳቁ እየከሰመ ሄደ። ሽታው አፉን ከፈተ። እያኘከ እንባው ወረደ።

«አዋዜው ፈጀው!» ብለው ሳቁ። ሂንድም ሳቀች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

*

ይኼ ከሆነ ሳምንት አልሞላውም። አሁን ያ ዲያቆን ከምጣዱ ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፎ ደሙ ይንጠባጠባል። ሂንድ ቢላዋውን ጉሮሮው ላይ አድርጋ ቆማለች። ውጭ ሀሚዱ በሩን በእርግጫ ይለዋል፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዕጣው ሲወጣልኝ ጀምሮ። አምሳሉ የእናቴ ልጅ ነው፤ አባታችን ይለያያል። እኔ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ስላደግሁ እዚህ የሚያውቀኝ የለም። ዕጣውን መቀየር እችል ነበር። ግን እግዜር ያለ ነገር አልላከኝም ብዬ መጣሁ።»

«እና የኑርዬ እህት መሆኔን እያወቅህ ከእጄ ጎረስህ!» ድምጿ ተሰነጠቀ። «የቤታችንን ማዕድ ለወንድምህ ነፍስ መያዣ አደረግኸው! ሀሚዱን መሳቂያ ልታደርገው! እኔን… እኔን ደግሞ እንደ ጅል…»

ሽታው ደሙን በነጠላው ጫፍ ጠረገ።

«ተናገር! ወንድሜን አንተ አልገደልከውም፤ እኔን ግን ገደልከኝ! የሰው ዓይን እንደዚያ እያዩ መዋሸት ኮሌጁ ነው ያስተማረህ?» በግራ እጇ በጥፊ አጮለችው። ቢላዋው ተንሸራተተ፤ ከአገጩ ሥር ቀጭን ደም ወረደ።

«ብትገድይኝ አልቀየምሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ጎርሻለሁ። የምከራከርበት የለኝም።»

በዚህ መሃል የሸህ አብዱልሃሚድ ድምፅ ከውጭ ተሰማ። «ሀሚዱ! ተው ልጄ! ልጁ በመጣ በማግስቱ ማን እንደሆነ ለኔ ነግሮኛል! አረፋ ይለፍና ሽማግሌ እሰዳለሁ ብዬ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ!»

«አንቱም!» ብሎ ሀሚዱ አገሳ። «አንቱም ያውቁ ኖሯል! አገር ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻዬን የወንድሜን ደም በዓሣ ስበላ ከረምኩ!» እርግጫው እንደገና ወረደ፤ ከበሩ አንዱ ማጠፊያ ተነቀለ።

የሽታው ከንፈር ደርቆ ደም ጋግሮበታል። ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው ይጠማል። ከጎኑ የውሃ ጆግ ተቀምጧል። እጁ ሳያስበው ወደ ጆጉ ሄደ፤ ሊነካው ሲል ቆመና ተመለሰ። የራሱ ጠርሙስ ውጭ፣ ደጃፉ ላይ ከቦርሳው ጋር ወድቆ ቀርቷል።

ሂንድ ያን እጅ አየችው።

«ጠጣ» አለች በቁጣ።

«አይሆንም። ፈቅደሽ ካልሰጠሽኝ አልጠጣም።»

ሂንድ ቢላዋው እጇ ላይ ከበዳት። ውሃዬን ትገፋለህ፣ ቅባቴን ትወስዳለህ። ቅባት አይበላማ። ለካ እንደዚያ ነው! ረሃብ ፊቱ ላይ እያስታወቀ፣ የዓሣው ሽታ አፍንጫው ውስጥ እየገባ፣ ዲያቆን ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ባልፈቀደችው ወራት ጾም ነው ብሎ የተቀመጠው…

«ጾሙ…» አለች። «የቤታችንን እህል የጾምከው… ለዚህ ነው?»

«ደሙ እስኪደርቅ ከዚህ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም ብዬ ስለት ተሳልኩ። ሳታውቂ እንዳታጎርሺኝ። ሳታውቂ ከምትወጂኝ አውቀሽ ብትጠዪኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ጎረስህ?»

«እጅሽ ተዘርግቶ ነበር» አለ። አሁን እሱም አለቀሰ። «ያ ሁሉ ሰው እያየ ባልጎርስ እጅሽ ይዋረድ ነበር። ስለቴ ይፍረስ፣ እጅሽ አይዋረድ አልኩ። ሂንድ፣ ቄስ አልሆንም። መሆን የምችል አይመስለኝም። ዲያቆን ሆኜ መጥቼ ነበር፤ አሁን ግን ሌሊት ለጸሎት ስቆም የሚመጣብኝ ያንቺ ስም ነው።»

እግዚኦ በሉ! ይኼን ቃል ስንት ቀን ጠብቃዋለች። ሲመጣ ደግሞ በእንዲህ ያለ ቀን፣ በእንዲህ ባለ አፍ። ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለችና ተንበርክካ ፊቱን በሻሿ ጠረገችለት። ደሙ አልቆመም፤ የሷም እንባ አልቆመም። ከበሩ ውጭ ምን እንደሚጠብቃቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ ያም ሆኖ ለአንድ አፍታ በዚያች ጠባብ ጓዳ ከነሱ በላይ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

*

በሩን የከፈተችው ራሷ ሂንድ ነች።

ከጠዋቱ የተጠበሰ ቆሮሶ ያለበትን ትሪ በግራ ክንዷ ታቅፋ፣ ሽታውን ከኋላዋ አስከትላ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሀሚዱ ሽመሉን በሁለት እጁ እንደጨበጠ አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«ሂንድ፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«ወላሂ አንቺንም አልምርም! በሩን ዘግተሽ ሳለሽ ምን ሲሉኝ እንደቆዩ ታውቂያለሽ? የወንድሙን ደመኛ አብልቶ አሳደረ እያሉ ሳቁብኝ! ገበያው ሁሉ!»

«ያን ጊዜ ሳላውቅ ነው ያጎረስኩት» አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ሕዝቡ ዞረች። «የቅሬ ሰዎች፣ ምስክር ሁኑኝ። ይኼ ሰው የአምሳሉ ወንድም መሆኑን አውቄያለሁ። ወንድሜን ማን እንደገደለው፣ እንዴት እንደገደለውም አውቃለሁ። አውቄ ነው የማጎርሰው።»

«ሂንድ! ተይ!»

በቀኝ እጇ ጠቀለለች። ጣቶቿ ላይ የሽታው ደም ነበረ፤ ወደ አፉ አነሳችው። ሽታው አፉን ሲከፍት ሀሚዱ ጮኸ፤ ጩኸቱ የሰው አይመስልም ነበር። ሽመሉ የተሰነዘረው ወደ ሽታው ራስ ነው። ያገኘው ግን የእህቱን እጅ ነው። አንጓዋ ቀጭ ሲል እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ። ጉርሻው ትሪው ላይ ወደቀ።

ሀሚዱ የሽመሉን ጫፍ አየ፣ የእህቱን የተንጠለጠለ እጅ አየ። ሂንድ አላለቀሰችም። ጉርሻውን በግራ እጇ ልታነሳ ጎንበስ አለችና መሃል ላይ ቀረች። በግራ እጅ አይጎረስም። በግራ የተሰጠ ጉርሻ ደም አያደርቅም። ቀኟን ልታንቀሳቅስ ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዟትም።

«ያረቢ!» አለች፤ «እጄን! እጄን ነሳኸኝ!»

ሀሚዱ እንደ እብድ ጮኸና ሽመሉን እንደገና አነሳ። «እንግዲያስ እሱም አይተርፍም! በሱ ምክንያት ነው!»

«ሀሚዱ።»

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው እናታቸው ሀጀራ ነች፤ ጮክ ብላ አልተናገረችም። ከልጆቿ መሃል ገብታ ቆመች፤ ጥቁር ሻሿ ተንሸራቶ ሽበቷ ታየ። ኑርዬ ከሞተ ጀምሮ ዓሣ ያልነካች፣ ልጇ ዓሣ ቤት ስትከፍት እንኳ ደጁን ያልረገጠች ሴት ነች። ትሪውን ከሂንድ ክንድ ተቀበለች። የወደቀውን ጉርሻ በቀኝ እጇ አነሳችና ቢስሚላህ አለች።

«አንዱን ቀብሬያለሁ» አለችው ሀሚዱን። «አንተን ደግሞ ለወህኒ የምሰጥ መስሎህ ነው? ያ ሽመል ምን እንዳደረገ አየህ? የእህትህን እጅ ነው የሰበረው።» ከዚያ ሽታው ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ምናልባት የገዳዩን መልክ ስትፈልግበት ይሆናል። «ሸህ አብዱልሃሚድ፣ ይስሙኝ። ቅሬ ሁሉ ስማ። ይኼን የማጎርሰው በኑርዬ ፋንታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ይኼ ልጅ የጡት ልጄ ነው። ለሀሚዱ ወንድሙ ነው።»

ቆም አለች። ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

«ለሂንድም ወንድሟ ነው» አለች፤ ጉርሻውንም በሽታው አፍ ውስጥ አኖረችው።

ሰዉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ሂንድ ብቻ አልተነፈሰችም። እናቷ ያን ቀን «ዓይንሽን አንሺ» ስትላት ምን እንዳየች አሁን ገባት። አንድ ጉርሻ የወንድሟን እጅ ከደም፣ የሽታውን አንገት ከሽመል አዳነ፤ እሷንም ከሽታው ለየ። የጡት ወንድሟን ያገባች ሴት በኛ አገር የለችም። እናቷን መውቀስ አልቻለችም፤ ሀጀራ ሌላ ምን ታድርግ ነበር?

ሽታው ግን አልዋጠም። ጉርሻው ጉንጩ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ሂንድን ያያታል።

«ዋጥ ልጄ» አሉት ሸህ አብዱልሃሚድ።

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሀሚዱ ሽመሉን ጨበጠ። «አልዋጠም! አያችሁ? የእናቴን ጉርሻ አልዋጠም!»

ሌላው ሰው ምንም ቢመስለው፣ ሂንድ ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ወንድምሽ ሆኜ ከምኖር እዚሁ ልሙት ማለቱ ነው። በዓይኑ «ወንድሜ አትበይኝ» እያለ ይለምናታል። ሽመሉ ከራሱ በላይ ሲወጣ አየች። የተሰበረ እጇን በደረቷ ታቅፋ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ዋጥ» አለችው።

አልዋጠም። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

ከዚህ በፊት በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ሁልጊዜ «አንተ ዲያቆን» ነው የምትለው። አሁንም በስሙ አልጠራችውም።

«ዋጥ፣ ወንድሜ።»

ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ አየች። ሽመሉ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ተሰማ፤ ሀሚዱ ጥሎት ኖሯል። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሸህ አብዱልሃሚድ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። የሂንድ እጅ መታመም የጀመረው ያን ጊዜ ነው።